ከሃድ ሪን ባሕር ዳርቻ እስከ ሜ ሆንግ ሶን ተራሮች፦ በታይላንድ ጉዞ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ታይላንድ ፓይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ማታ በገበያ መንገዷ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከት ሰው፣ ጉልበታቸው ወይም ክርናቸው በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ ወጣቶች እያነከሱ ሲያልፉ ያያል። አብዛኞቹ ከሞተር የወደቁ ናቸው። እኔ ታይላንድን መጀመሪያ ያየኋት እናቴን ለሕክምና ወደ ባንኮክ በወሰድኩበት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ቦርሳዬን አዝዬ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚመጡ ወጣቶችን ሰብስቤ ከደቡብ ደሴቶች እስከ ሰሜኑ ተራራማ አገር እመራለሁ። በየጉዞው ተመሳሳይ ጥፋት ሲደገም ማየት ስላሳዘነኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ስለ ሞተር ነው። ስህተቱ የሚጀምረው «አከራዩ መንጃ ፈቃድ ካልጠየቀኝ ችግር የለውም» ከሚለው ሐሳብ ነው። አከራዩ የሚፈልገው በቀን የሚከፈለውን ሁለት ወይም ሦስት መቶ ባት እንጂ የተከራዩን ችሎታ ማወቅ አይደለም። ሕጉ ግን የሞተር ሳይክል ምድብ ያለበትና በታይላንድ ተቀባይነት ያለው መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይዞ ሞተር የሚነዳ ሰው ያለ ፈቃድ እንደሚነዳ ይቆጠራል። ትራፊክ ፖሊስ ቢያገኘው የሚከፍለው ቅጣት ትንሽ ነው። ትልቁ ዕዳ የሚመጣው አደጋ ሲደርስ ነው፤ ምክንያቱም የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች በአብዛኛው ያለ ተገቢው ፈቃድ ወይም ያለ ሄልሜት ሲነዳ የተጎዳን ሰው የሕክምና ወጪ አይሸፍኑም። በዚያ ላይ እኛ በቀኝ በኩል መንዳት የለመድን ሰዎች ነን፤ ታይላንድ ግን በግራ ነው የሚነዳው። ሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይህን አይረሳም፤ የሚረሳው ሲደነግጥ ነው፤ ሲደነግጥ እጁ ወደ ለመደው ወገን ይሄዳል።

አብሮኝ የተጓዘ አንድ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥር ዓመት መኪና ነድቷል፤ ሞተር ግን ነድቶ አያውቅም ነበር። እኔ በሚኒባስ እንሂድ ብዬ ብለምነውም ከቺያንግ ማይ ወደ ፓይ በሚወስደው በ1095 ቁጥር መንገድ ሞተር ተከራይቶ ወጣ። ይህ መንገድ 762 ጥምዝ አለው ተብሎ ቁጥሩ በፓይ በሚሸጡ ካናቴራዎች ላይ ሳይቀር ይታተማል። ልጁ አንዱ ጥምዝ ላይ ከፊቱ ፒክአፕ ሲመጣበት እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ፒክአፑም የሚመጣው በዚያው በኩል ነበር። ሾፌሩ ፈጥኖ ፍሬን ስለ ያዘ የልጁ ሕይወት ተረፈች፤ የአንገት አጥንቱ ግን ተሰበረ፤ ሆስፒታሉ ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቅ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ስላለ እኛ ጓደኞቹ ለቀሪው መንገድ የያዝነውን ገንዘብ አዋጥተን አሳከምነው። ታይላንድ በመንገድ አደጋ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት፤ ከሟቾቹም አብዛኞቹ ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው። በአገርህ ሞተር ነድተህ የማታውቅ ከሆነ፣ የእረፍት ጉዞህን የመማሪያ ቦታ አታድርገው። ከቺያንግ ማይ አርኬድ መናኸሪያ የሚነሣው ሚኒባስ በሦስት ሰዓት ገደማ ፓይ ያደርሳል፤ ለማቅለሽለሹ ከመነሣትህ በፊት መድኃኒት ውሰድና ከፊት ወንበር ተቀመጥ። ኮ ፓንጋን ደሴት ላይም መንገዱ ሲሚንቶ ቢሆንም አቀበቱ ቀጥ ያለ፣ አሸዋም የተበተነበት ስለሆነ፣ ከወደቡ እስከ ማደሪያው የሚወስደውን የጋራ ፒክአፕ፣ ማለትም ሶንግቴው የሚሉትን፣ መያዝ ይሻላል።

ፈቃዱም ልምዱም ያለህ ከሆንክ ደግሞ ፓስፖርትህን በመያዣነት አትስጥ። ይህን እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ አንድ ደሴት ላይ ፓስፖርቴን ትቼ ሞተር ተከራየሁ፤ ስመልስ እኔ የማላውቀው ጭረት ታየብኝና የተጠየቅሁት ገንዘብ የሞተሩን የብዙ ቀን ኪራይ የሚያህል ነበር። ጀልባዬ ሊነሣ ግማሽ ሰዓት ስለ ቀረው ከፍዬ ወጣሁ። አሁን በጥሬ ገንዘብ መያዣ የማይቀበል ሱቅ አልገባም፤ ሞተሩንም ከመረከቤ በፊት ባለቤቱ እያየ ዙሪያውን በስልኬ እቀርጸዋለሁ።

ሁለተኛው ስህተት ታይላንድ አንድ ክረምት ብቻ ያላት መስሎ መታየቱ ነው። በአንዳማን ባሕር በኩል ያሉት ፉኬት፣ ክራቢና ኮ ላንታ ዝናብ የሚበረታባቸው በግምት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፤ የሲሚላን ደሴቶችም በእነዚሁ ወራት ለጎብኚ ይዘጋሉ። በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ በኩል ያሉት ኮ ሳሙይ፣ ኮ ፓንጋንና ኮ ታኦ ግን ከባዱን ዝናብ የሚያገኙት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በተለይም በኅዳር ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ የትምህርት ዕረፍት የሚሄድ ሰው ወደ ባሕረ ሰላጤው ቢያዘነብል ይሻለዋል። ለፋሲካ የሚሄዱትን ደግሞ ከሰሜኑ እመልሳቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባለው ጊዜ ገበሬው የሰብል ቅሪቱን ሲያቃጥል፣ ጫካውም ሲነድ፣ ከጎረቤት አገሮችም ጭስ ሲጨመር፣ የቺያንግ ማይ አየር በአንዳንድ ቀናት ከዓለም ከተሞች ሁሉ የከፋ ይሆናል። ተራራ ለማየት የመጣ ሰው ተራራው ሥር ቆሞ ተራራውን አያየውም፤ አስም ያለበት ሰውማ ጭራሽ መሄድ የለበትም። በታኅሣሥና በጥር ግን ሰሜኑ ጥርት ያለና ብርድ ነው፤ 2,565 ሜትር ከፍታ ባለው በዶይ ኢንታኖን አናት ላይ ውርጭ የሚታይባቸው ጠዋቶች አሉ። ታይላንድ ሞቃት ናት ብለው ካናቴራ ብቻ የያዙ የአዲስ አበባ ልጆች በሌሊት ሲንቀጠቀጡ አይቻለሁና ሹራብ ያዙ። በዝናቡ ወራት ዋሻ ውስጥ አትግቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በታም ሉዋንግ ዋሻ 12 ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸው የታገዱት ከገቡ በኋላ የጎርፍ ውኃ መመለሻውን ስለ ዘጋባቸው ነው።

በአሥር ቀን ውስጥ ሁለቱንም ባሕር ከሰሜኑ ጋር ለማዳረስ የሚሞክር ሰው የሚያየው መናኸሪያና ወደብ ብቻ ነው፤ ከባንኮክ ቺያንግ ማይ ብቻ በባቡር 751 ኪሎ ሜትር ነው።

ስለ ሰዓት ደግሞ አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ለቡድኑ «ማታ 12 ሰዓት ባቡር ጣቢያ እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቨርጂኒያ ያደገችው ልጅ እኩለ ሌሊት መስሏት ሆቴሏ ስታርፍ እኛ የቺያንግ ማይን ባቡር ይዘን ሄድን። ማግስቱን ብቻዋን ተጓዘች፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም 18፡00 ብዬ እጽፋለሁ፤ የጣቢያውንም ስም ሙሉውን እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም የረጅም ርቀት ባቡሮች ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚነሡት በአብዛኛው ከድሮው ሁዋላምፖንግ ሳይሆን ክሩንግ ቴፕ አፒዋት ከሚባለው አዲስ ጣቢያ ነው። ታይላንዳውያንም እንደ እኛ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው፤ ከአውሮፓው 543 ዓመት ስለሚቀድም በደረሰኝ ላይ 2569 የሚል ዓመት ቢያዩ አይደንግጡ።

ከአገር ሳይወጡ የሚሠራው ስህተት ሁለት ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሳይዙ ወደ ኤርፖርት መሄድና ክትባቱን በመነሻ ዋዜማ መውሰድ። ታይላንድ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ ሰው ካርዱን ትጠይቃለች፤ ክትባቱም የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሞላው የኤሌክትሮኒክ መግቢያ ቅጽ ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት የመንግሥት አይደለም።

በኮ ፓንጋን ደሴት ሃድ ሪን የሚደረገውን የሙሉ ጨረቃ ድግስ ሄዶ ማየትን አልነቅፍም፤ እኔም ጨፍሬበታለሁ። ቀኑን ግን የጨረቃ አቆጣጠር ብቻ አይቶ መወሰን አይገባም፤ ከቡድሃ በዓል ጋር ሲገጥም በአንድ ቀን ይገፋል። ባዶ እግር መሄድ ሌላው ጥፋት ነው፤ በሌሊት አሸዋው በጠርሙስ ስባሪ ይሞላል። በትንሽ ባልዲ የሚሸጠው መጠጥ የአገሩ ሩም፣ ለስላሳና የኃይል መጠጥ የተቀላቀለበት ስለሆነ ጣፋጭነቱ ስካሩን ይደብቃል፤ ባልዲህን ከእጅህ አትለይ፤ ሰክረህም ወደ ባሕር አትግባ። በእነዚህ ደሴቶች ውኃ ውስጥ ሰው የገደለ ቦክስ ጄሊፊሽ የሚባል ፍጥረት አለ፤ በባሕሩ ዳር በእንጨት ላይ ተሰቅሎ የሚታየው የአቼቶ ጠርሙስ ለዚያ የተቀመጠ ነው። የነካው ሰው ሰውነቱ ላይ አቼቶ ይፈስስበታል እንጂ በአሸዋ አይታሽም፤ ወዲያውም በ1669 አምቡላንስ ይጠራል። አደንዛዥ ዕፅን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ እላለሁ፤ በታይላንድ እስር ቤት የአንድ ሌሊት ጭፈራ ዓመታት ያስከፍላል፤ የኤሌክትሪክ ሲጋራ እንኳ በሕግ የተከለከለ ነው።

የሚጾሙ ወገኖቼ «ሥጋ የለበትም» ተብሎ የቀረበላቸውን ሁሉ ሲበሉ ሳይ እቆጫለሁ። በታይላንድ ወጥ ቤት ናም ፕላ የሚባለው የዓሣ ፈሳሽ እንደ ጨው ነው፤ ካፒ የሚባለው የተፈጨ ሽሪምፕም በብዙ ማባያ ውስጥ ይገባል፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው የፓፓያ ሰላጣ ውስጥ ደረቅ ሽሪምፕ ይጨመራል። መፍትሔው ግን ቀላልና ደስ የሚል ነው። በታይላንድ የሚኖሩ ቻይናውያን ዝርያ ያላቸው የቡድሃ አማኞች የሚበሉት «ጄ» የሚባል ምግብ አለ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ፈጽሞ የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ቤቶቹ የሚታወቁት በቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ በተጻፈው፣ ከሩቅ ለእኛ ዓይን 17 ቁጥር በሚመስለው ምልክት ነው። በዐቢይ ጾም ከእኔ ጋር የተጓዘች አንዲት እናት ይህን ምልክት ከተማረች በኋላ በየከተማው ከእኔ ቀድማ ታገኘው ነበር። ሙስሊም ተጓዥ በደቡብም በባንኮክም የሐላል ምልክት ያለበት ቤት በቀላሉ ያገኛል።

በቤተ መቅደስ ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ ስላልሆነ አልደግመውም። የሚያሳፍሩን ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ እግርን ወደ ቡድሃ ምስል ዘርግቶ መቀመጥ፣ የሰው ራስ መንካት፣ ሴት ሆና ለመነኩሴ ዕቃ በእጅ ማቀበል። በንጉሡ ላይ የሚነገር ክፉ ቃል እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ባንኮክ ውስጥ «ታላቁ ቤተ መንግሥት ዛሬ ዝግ ነው» ብሎ ወደ ጌጥ ሱቅ የሚወስድ የቱክቱክ ሰው አትከተሉ።

በዝሆን ጀርባ ላይ አትቀመጡ። ዝሆን ሰው እንዲሸከም የሚደረገው ገና በልጅነቱ ከእናቱ ተለይቶ፣ ታስሮና ተደብድቦ ነው፤ ይህን ያወቀ ሰው ፎቶውን አይፈልገውም።

የመጨረሻውና በሰሜን ተራሮች ዘወትር የሚያስቆጣኝ ስህተት መንደርን እንደ ሙዚየም መግባት ነው። ካረን፣ ህሞንግ፣ ላሁ፣ ሊሱና አካ የየራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። በሜ ሆንግ ሶን አንገታቸው ላይ የነሐስ ቀለበት የሚያደርጉት የካያን ሴቶች ከምያንማር ጦርነት የሸሹ ስደተኞችና ልጆቻቸው ናቸው፤ መግቢያ ከፍሎ ለአሥር ደቂቃ ፎቶ አንስቶ መውጣት እንግድነት አይደለም። በአካ መንደር መግቢያ ላይ የሚቆመውን የእንጨት በር መንካት ነውር ነው፤ ሰውን ከክፉ መንፈስ የሚለይ በር ነውና። ለልጆች ከረሜላና ብር መበተን ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥቶ መንገድ ዳር ያስቀምጣል። ከቻላችሁ መንደሩን ከሚያውቅና ከቤተሰቡ ጋር ከሚያሳድራችሁ መሪ ጋር ሁለት ሌሊት እደሩ።

እኔ ይህን የተማርኩት በቺያንግ ራይ ክፍለ አገር በዶይ ቻንግ ተራራ ነው። ይህ ምድር ቀድሞ ኦፒየም የሚዘራበት ነበር፤ ንጉሥ ቡሚቦል በ1969 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የልማት ፕሮጀክት በሰሜኑ ተራሮች በኦፒየሙ ፋንታ ሌሎች ተክሎች እንዲለመዱ ካደረገ ወዲህ በዶይ ቻንግ የሚኖሩ አካዎች አረቢካ ቡና ያለማሉ። ያሳደረችን የአካ እመቤት ቡና ስታቀርብልን፣ የዚህ ተክል አገሩ ኢትዮጵያ እንደ ሆነ በአስተርጓሚ ነገርኳት። ብዙ ጠየቀችን፤ እንዴት እንደምንቆላው፣ ስንት ጊዜ እንደምንቀዳው፣ ሴቶቹ ለምን አብረው እንደሚጠጡት። ከዚያ ወዲህ ወደ ተራራው ስወጣ የምይዘው ስጦታ ከረሜላ ሳይሆን ግማሽ ኪሎ የተቆላ የይርጋ ጨፌ ቡና ነው፤ እርሷም በተራዋ ከራሷ ማሳ የለቀመችውን ትሰጠኛለች።