ከሱዊድ ጃኬት ላይ የሳምቡሳ ዘይት ማስለቀቅ

ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ የተበላ ሳምቡሳ ዘይቱን ቡናማ የሱዊድ ጃኬት እጅጌ ላይ ጥሎ ነበር፤ አሁን ለቋል። ሱዊድ የውስጥ ገጹ ተፍቆ ፀጉር ያወጣ ቆዳ ስለሆነ ዘይት እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። በውሃና በኦሞ ማጠብ ግን አይታሰብም፤ የቆዳው ቅባት አብሮ ይወጣና ሲደርቅ ፀጉሩ ተጣብቆ ይገግራል።

መጀመሪያ አቧራው። የድሬ አቧራ ደቃቅ ነው፣ ከዘይት ጋር ከታሸ ጥቁር እድፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ይጠረግ። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች (ተራው የበቆሎ ዱቄት ሻካራ ነው፣ አይሆንም) እድፉ ላይ ተከምሮ ይደር። በጣት ጫን ማድረግ ይበቃል፤ ማሸት ዘይቱን ያሰፋዋል። ጠዋት ስታርቹ ጓጉሎ ጠቆር ካለ እየሳበ ነው፤ ተራግፎ በአዲስ ይደገማል።

የቀረውን ጥላ ነጭ ላጲስ ያነሳዋል። ባለቀለሙ የራሱን ቀለም ይተዋል። ክብ ምልክት ከቀረ፣ ነጭ ጨርቅ በነጭ አቼቶ ነክሮ በደንብ ጨምቆ ከዳር ወደ መሃል መታ መታ ማድረግ ነው። ቀድሞ ግን ብብት ስር ይሞከር፤ ቀለሙን የሚለቅ ሱዊድ ብዙ ነው።

ማድረቂያው ጥላ ብቻ፤ የዚህ አገር ፀሐይ ያገረጣዋል። ከደረቀ በኋላ ፀጉሩ የተኛበት ቦታ ከማንቆርቆሪያ እንፋሎት 20 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ጥቂት ሰከንድ ይያዝና ይቦረሽ። ፌስታል ውስጥ አይቀመጥ፣ ይሻግታል፤ አሮጌ የትራስ ልብስ ይሻላል።