ሳንቲሙን ከሸክላ ማጫወቻው ክንድ ላይ አውርዱት

ሸክላችሁ እየዘለለ ካስቸገራችሁ፣ ክንዱ ላይ ሳንቲም ከመለጠፋችሁ በፊት መርፌውን በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት። ባሕር ዳር፣ በተለይ ጣና ዳር መስኮት ከፍቶ ለሚያመሽ ሰው፣ ጫፉ ላይ አቧራና የትንኝ ክንፍ ተጠቅልሎ ሊገኝ ይችላል። እኔማ ጥጥ የበቀለበት መስሎኝ ነበር! እንዲህ የቆሸሸ መርፌ የሸክላው ቦይ ውስጥ በደንብ አይገባም፤ ድምፁ ይታፈናል፣ ከዚያም ይንሸራተታል።

ማጫወቻውን አጥፉና በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጉት። ወደ ጎን ከጠረጋችሁት መርፌውን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ልትጣመም ትችላለች።

አሁንም ይዘላል? አንቲስኬቱን፣ ማለትም ክንዱ ወደ ሸክላው መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ፣ ዜሮ አድርጉ። ከክንዱ ኋላ ያለውን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ ወደላይም ወደታችም ሳይል አየር ላይ እንዲንሳፈፍ አድርጉ። መርፌው ምንም እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ክብደቱን ይዛችሁ የቁጥሩን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጡ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አዙሩና የመርፌው አምራች ያዘዘው ግራም ላይ አቁሙ፤ ለብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ነው። አንቲስኬቱንም እዚያው ቁጥር ላይ መልሱት።

ሳንቲም ዝላዩን ቢያቆምም መርፌውንም ቦዩንም ይበላል። ደግሞ ከልክ በላይ ማቅለልም አይበጅም፤ መርፌው እየነጠረ የቦዩን ግድግዳ ይመታል።

ኋላው ላይ የሚዞር ክብደት ለሌላቸው ባለ ስፕሪንግ አሮጌ ማጫወቻዎች ይህ ሚዛን አይሠራም። የአያት ዘመን ባለ 78 ዙር ሸክላ ካላችሁ ደግሞ አልኮል አታስነኩት፣ ያሟሟዋል።