ሕሙማንን በጤና ምርምር ስናሳትፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ተሳታፊንና አማካሪን አንድ ማድረግ

መጠይቅ የሞላ ወይም ደም የሰጠ ሕመምተኛ መረጃ ሰጥቷል እንጂ አልተማከረም። ተማከረ የሚባለው የጥናቱ ጥያቄ ሲመረጥ፣ ቅጹ ሲዘጋጅና ውጤቱ ሲታይ ከአጥኚዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሐሳብ የሰጠ ሰው ነው። ስለዚህ 400 ሰው ጠይቆ «ኅብረተሰቡን አሳትፈናል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ትክክል አይደለም።

ሁሉ ካለቀ በኋላ መጥራት

ፕሮቶኮሉ (የጥናቱ ዝርዝር ዕቅድ) በሥነ ምግባር ኮሚቴ ከጸደቀ ወዲያ አንድ ጥያቄ ለመለወጥ እንኳ ማሻሻያ ጽፎ እንደገና ማስጸደቅ ይጠይቃል። ያን ድካም በመሸሽ የሕሙማኑ ሐሳብ ተሰምቶ ይታለፋል።

ሐዋሳ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ለምን እንደሚቋረጥ ሊጠና ነው እንበል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ባለሙያ ብቻውን የሚያዘጋጀው መጠይቅ ስለ መድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳትና ስለ በሽታው ግንዛቤ ይጠይቃል። ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ቀድሞ ቢማከር ግን የባጃጁን ሒሳብ፣ የአሠሪውን ፈቃድ መንሳት፣ አከራይ እንዳይሰማ መድኃኒቱን ተደብቆ መዋጡን ያነሣል። መጠይቁ ላይ ያልገባ ነገር ትንተናው ላይ ከየት ይመጣል? የዓለም ሕክምና ማኅበርም በ2024 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መርሆችን የያዘውን የሄልሲንኪን መግለጫ ሲያሻሽል ማኅበረሰቡን ከጥናቱ በፊት፣ በጥናቱ ጊዜና ከዚያ በኋላ ማሳተፍ እንደሚገባ አስፍሯል።

ቃሉ የታወቀ ነውና ገብቷቸዋል ማለት

ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ተራ ይዞ የተቀመጠ ታካሚ «ለምርምር ፈቃደኛ ነዎት?» ሲባል «ምርመራ» ብሎ ይሰማዋል፤ እሺ የሚለውም እታከማለሁ ብሎ ነው። «ይህ እርስዎን ለማከም የሚደረግ ምርመራ አይደለም፤ ስለ በሽታው ለማወቅ የምናደርገው ጥናት ነው። እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይቋረጥም» ብሎ ነጥሎ መናገር ያስፈልጋል።

«ዕጣ»ም እንዲሁ ያሳስታል። መድኃኒቱ በዕጣ ይደርሳል ሲባል ሰው የሚያስበው ዕቁብን ነው፤ ዕቁብ ደግሞ ዛሬ ባይወጣ ነገ ይወጣል። በጥናቱ ግን ሁለተኛ ዙር ከሌለ ይህ በግልጽ መነገር አለበት። «5 ሚሊ ሊትር ደም» ከማለትም «አንድ የሻይ ማንኪያ» ማለት ይሻላል፤ ብዙ ደም ይወሰድብኛል የሚል ስጋት ይቀንሳል።

የፈቃድ ቅጹ ወደ ሲዳምኛ ሲተረጎም አንዱ ይተርጉም፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው። ከዚያ ለአምስት ለስድስት ሕሙማን ይነበብላቸው። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን አያዋጣም፤ ይሉኝታ ስላለ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ቤት ሲደርሱ ይህን ለቤተሰብ እንዴት አድርገው ይነግራሉ?» ይበሉና ያዳምጡ። የተሳሳቱት እነሱ ሳይሆኑ ቅጹ ነው፤ የሚታረመውም እሱ ነው።

አንድ ሰው ብቻ መጋበዝ

በስምንት ባለሙያዎች መሃል የተቀመጠ አንድ ሕመምተኛ አይናገርም። ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ የቀበሌ ተመራጭ ያልሆነ ተራ ሰው ይሁን። የሚያክማቸው ሐኪም ስብሰባውን አይምራ፤ ነጭ ጋዋንም ይውለቅ። ኤች አይ ቪን በመሰለ ጉዳይ ላይ ደግሞ ስልክ ሲደወል የሕመሙን ስም መጥራት አይገባም፤ ስልኩን ሌላ ሰው ሊያነሣው ይችላል።

ሰዓቱንና አበሉን ንቆ መተው

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ለቢሮ ይመቻል፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ለምትሠራ ወይም በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ግን ደመወዝ ማጣት ነው። አስቀድሞ ምን ሰዓት እንደሚመቻቸው ይጠየቁ፤ ስብሰባውም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይፍጅ። የትራንስፖርትና የጊዜ ካሣ ገና ከመነሻው በበጀቱ ይያዝ፤ መጠኑ በፕሮቶኮሉ ይጻፍ፤ በዕለቱ ይከፈል። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስለዚህ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ የሚወራረድበትን መንገድ ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር ቀድሞ መጨረስ ነው። «ደረሰኝ አምጡ» ተብሎ የተመለሰ ሰው ዳግም አይመጣም።

ውጤቱን ሳይነግሩ መጥፋት

ጽሑፉ በመጽሔት እስኪወጣ ሳይጠበቅ ባለ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛና በሲዳምኛ ይዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችሉ በቃል ይነገር። ከእሱ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ይያያዝ፦ አማካሪዎቹ ምን አሉ፣ ምን ተለወጠ፣ ያልተለወጠው ለምን ቀረ። ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ አይተዉት፤ አማካሪዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።