የደንበኛ መረጃ እንዴት ይያዛል፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቢዝነስ ላላችሁ

ሱቅም ይሁን ክሊኒክ፣ ሆቴልም ይሁን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ እጃችሁ ላይ የሰው መረጃ አለ፣ የመረጃው ባለቤት ደግሞ እናንተ ሳትሆኑ ሰውየው ነው። አደራ ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በህግም ያስጠይቃል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ ፈልጉ። ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን የሰራተኞቻችሁን ስልክ፣ ቴሌግራሙን፣ ፍላሹን ሁሉ። ደሴ ፒያሳም ሆነ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ እስኪ ዳውንሎድ ፎልደራችሁን ክፈቱት፣ ደንበኛ ፕሪንት አድርጉልኝ ብሎ የላከው መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የምርመራ ውጤት ሁሉ እዛው ተከምሮ ነው የምታገኙት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ፍላሹን ሰክቶ የራሱን ፋይል ሲፈልግ የሌላውን ጉዳይ ስክሪኑ ላይ ያነባል። ስለዚህ ፕሪንት አድርጋችሁ ሂሳብ እንደተቀበላችሁ እዛው ሰውየው ፊት አጥፉት፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉት፣ ከቴሌግራሙም ይጥፋ ምክንያቱም እዛ ካለ ማንም መልሶ ያወርደዋል።

ከዛ የምትሰበስቡትን ቀንሱ። መታወቂያ አይቶ መመለስ ከበቃ ኮፒ አታስቀሩ። ዕቃ ለማድረስ ብላችሁ የተቀበላችሁትን ስልክ ቁጥር ለማስታወቂያ አትጠቀሙበት፣ ሰው ሳይፈቅድ ማስታወቂያ መላክ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። የፈቀደ ደንበኛ ካለም ላኪው ማን እንደሆነና እንዴት ማቆም እንደሚችል መልዕክቱ ላይ ይጻፍ።

ሞባይል የምትጠግኑ ልጆች፣ ስክሪን ለመቀየር ጋለሪ መክፈት አያስፈልግም። ደንበኛው ፓተርኑን የነገራችሁ ስልኩ መስራቱን እንድታዩ ነው፣ ፎቶውን እንድታዩለት አይደለም። ፓተርኑን ወረቀት ላይ ጽፎ ስልኩ ጀርባ ላይ መለጠፍም ይቅር፣ ሱቁ ውስጥ የገባ ሁሉ ያየዋል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ያላችሁ ደግሞ ሰራተኛ በጣት አሻራ የምታስገቡ ከሆነ፣ አሻራ እንደ ፓስወርድ የሚቀየር ነገር አይደለምና ከሌላው መረጃ የበለጠ ጥበቃ ይፈልጋል። ለምን እንደምትወስዱትና ማን እንደሚያየው አስቀድማችሁ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፣ ስራ ሲለቅ አሻራው ከማሽኑ ይውጣ፣ ሲስተም ውስጥ አካውንት ከነበረውም በዛው ቀን ይዘጋ። አንድ ፓስወርድ ለአስር ሰራተኛ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው፣ ነገ ፋይል ቢጠፋ ማን እንደነካው አታውቁም።

ካሜራ ካላችሁ መኖሩን ለጥፋችሁ አሳውቁ፣ ልብስ መሞከሪያና ሽንት ቤት በፍጹም አይገባም። ሰረቀ ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ሰው ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ግን እኔን በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላለውን ሰው ከተማው ሁሉ ሌባ ይለዋል፣ በኋላ ነጻ ቢወጣ ማን ያጠፋለታል? ቪዲዮውን ለፖሊስ ስጡ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም መረጃ ሊወጣ ይችላል፣ ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ አካውንት ይጠለፋል። ያኔ አትደብቁ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለስልጣን አሳውቁ ይላል። ምን እንደወጣ፣ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚነካ፣ እናንተ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ፣ ደንበኞቹንም ደውላችሁ ንገሯቸው፣ ፓስወርዳቸውን ለመቀየር ጊዜ የሚኖራቸው ቶሎ ከሰሙ ነው።