ድብርት ይዞኛል፣ ከየት ልጀምር? የንግግር ሕክምና ለባሕር ዳር ሰው

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። የንግግር ሕክምና (ሳይኮቴራፒ) ምክር አይደለም። «ለምክርማ ጎረቤቴም ይመክረኛል፣ የንስሐ አባቴም አሉ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እውነት ለመናገር ጥሩ ሰው አጠገቡ ያለው ሰው ቀለል ያለው ሐዘን በዚያው ሊያልፍለት ይችላል። ድብርት ግን ሌላ ነው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ልብ ይከብዳል ወይም በፊት ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ይበዛል። ምግብ አያስበላም፣ ሰውነት ይዝላል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም፣ «እኔ ለምንም አልረባም» የሚል ነገር ይመላለሳል። እኛ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ራስ ምታት፣ ጨጓራና የወገብ ሕመም መስሎ ነው የሚመጣው። ስንቱ ነው ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስ ነው እየተባለ ኪኒን ሲውጥ የከረመው!

ራስን ስለማጥፋት የምታስቡ ከሆነ የሚቀጥለውን ሁሉ ተዉትና ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ከዚያ ሰው ጋር ሆናችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ሌላ ሰው ወስዶ ያስቀምጠው። ይህ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም።

ሌላው ሰው ግን ተረጋግቶ ይጀምር። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያችሁ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ፣ ያለዚያ ወጪው ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል። «ሰው ያየኛል» ብላችሁ ከሆነ የፈራችሁት (ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ናት ቢባልም መቼም ሁሉም ይተዋወቃል)፣ በሆስፒታል በር ለጥርስም ለዓይንም ለወሊድም ሰው ይገባል፤ ማን ለምን እንደመጣ ማን ይጠይቃል? ሐኪሙ ጋ ስትቀርቡ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለቱም ድብርት የሚመስል ነገር ያመጣሉ። ከዚህ በፊት ለቀናት ሳትተኙ ጉልበት በጉልበት ሆናችሁ፣ ገንዘብ እየበተናችሁ፣ ወሬ እያበዛችሁ የከረማችሁበት ጊዜ ካለም አትደብቁ። ሕክምናው ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው። ከንግግር ሕክምናዎቹ ሁሉ እኔ የማስቀድመው «ባህሪ ማነቃቂያ» የሚባለውን ነው፣ ምክንያቱም ቀጠሮ እስኪደርስ ድረስ ነገ ጠዋት በራሳችሁ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲደበር ይተኛል፣ ስልክ አያነሳም፣ ለቅሶም ሰርግም ይቀራል። ለጊዜው ቀለል ይለዋል። ግን ከሰውና ከሥራ በራቀ ቁጥር ደስ የሚለው ነገር እያለቀበት ይሄዳል፣ ድብርቱ ይብስበታል፣ ሲብስበት ደግሞ ይበልጥ ይተኛል። «ትንሽ ሲሻለኝ እወጣለሁ» ይላል። ሕክምናው ይህንን ይገለብጠዋል፦ መጀመሪያ ትወጣላችሁ፣ መሻሉ ከኋላ ይመጣል።

ቀላል ስለሆነ አትናቁት። በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኒል ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ትልቁን የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፣ ሲቢቲ የሚባለውን፣ ፈታትቶ ሲያየው ይህ ክፍል ብቻውን የሙሉውን ያህል ሠርቶ ተገኘ። በ2016 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ 440 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ጀማሪ ባለሙያዎች በዚህ መንገድ ያከሟቸው ሰዎች፣ በሠለጠኑ ቴራፒስቶች ሲቢቲ ከወሰዱት አላነሱም። ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው።

እንዴት ይደረጋል? የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትለውጡ። ደብተር ያዙና በየሰዓቱ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ስሜታችሁም ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ ጻፉ። «አልጋ ላይ፣ ቲክቶክ፣ 2»። «እማዬ ጋ ቡና፣ 4»። ጫትና አረቄም ካለ ይጻፍ፤ ያን ሰዓት ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፣ የማግስቱን ጠዋት ቁጥር ግን አብራችሁ እዩት። ሳምንቱ ሲያልቅ የትኛው ሰዓት እንደሚጥላችሁና የትኛው ነገር ትንሽም ቢሆን ከፍ እንደሚያደርጋችሁ ደብተሩ ላይ ይታያል።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ዓይነት ነገር ምረጡ፦ አንዱ ድሮ ደስ ይላችሁ የነበረ፣ ሌላው ስትጨርሱት «ይሄን እንኳ አደረግሁ» የሚያሰኝ። ማለዳ ከጊዮርጊስ ወዲያ በሐይቁ ዳር 15 ደቂቃ መራመድ፣ ጓደኛ ጋ ደውሎ አሳ አብሮ መብላት፣ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ የሳምንቱን ሽንኩርት መግዛት፣ የከረመ ልብስ ማጠብ። ከመጀመሪያው ዘጌ ድረስ ሄጄ ልምጣ አትበሉ! መነሳት ያቃተው ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ጫማ አድርጎ፣ ሰፈሩ ሱቅ ደርሶ ከተመለሰ የዚያ ቀን ሥራው እሱ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ከማን ጋር የሚለው ይጻፍ። «በዚህ ሳምንት እራመዳለሁ» ዕቅድ አይደለም፤ «ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከእህቴ ጋር፣ ዝናብ ከሆነ ካፌ» ዕቅድ ነው። ወጥታችሁ ምንም ደስ ባይላችሁም አትገረሙ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደዚያ ነው። ስሜታችሁ ምንም ይሁን ምን ሰዓቱ ሲደርስ ሂዱ።

ሲቢቲ ራሱ በ1960ዎቹ አሮን ቤክ የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም የጀመረው ነው። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ትገናኛላችሁ፣ የቤት ሥራም አለው። ለምሳሌ ዱባይ ያለችው እህታችሁ በኢሞ ስትደውሉላት አላነሳችም። ወዲያው «ሸክም ሆኜባት ነው» የሚል ይመጣል፣ ቀኑ በሙሉ ይበላሻል። የምትጽፉት እንዲህ ነው፦ ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ይህንን የሚደግፍ ምን ማስረጃ አለኝ፣ የሚቃወመውስ? ባለፈው ሳምንት ራሷ ደውላ የለም እንዴ? አሠሪዋ ቤት ብትሆንስ? ሰዎች ይህንን «በጎ በጎውን አስብ» ከሚባለው ጋር ያምታቱታል። ማስረጃው መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው፣ ያኔ ሐሳቡን ትታችሁ ችግሩ ላይ ትሠራላችሁ።

ድብርታችሁ ከሰው ጋር በተያያዘ ነገር የጀመረ ከሆነ «የሰው ለሰው ግንኙነት ሕክምና» የሚባለውን ጠይቁ። አራት ነገር ላይ ያተኩራል፦ ሐዘን፣ ጠብ፣ የኑሮ ለውጥ፣ ብቸኝነት። ተዝካሩ ወጥቶ ሰው ሲበተን ቤቱ ኦና የሆነበት፣ ከአማቷ ጋር ያልተስማማች አራስ፣ ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ፣ ቀዬውን ለቆ ከተማ የገባ ተፈናቃይ፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ኡጋንዳ ገጠር ውስጥ ለድብርት በቡድን ተሰጥቶ በ2003 የታተመው ጥናት በጣም ጥሩ ውጤት አሳይቷል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 የቡድኑን መመሪያ አውጥቷል። ማኅበርና እድር ለለመደ ሕዝብ ይህ ነገር እስካሁን አለመስፋፋቱ ያስቆጨኛል።

የትኛው ይበልጣል ካላችሁ፣ ጥናቶቹ በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ የምትችሉትን ያዙ። ያያችሁት መከራ በቅዠትና በድንጋጤ እየተመለሰ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን ይህን ለባለሙያው ለይታችሁ ንገሩት፣ የራሱ ሕክምና አለው።

ባለሙያ ስታገኙ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ በምን መንገድ ነው የሚያክሙኝ? ስንት ጊዜ እንገናኛለን? የቤት ሥራ አለው? መሻሌን በምን እናውቃለን? 9 ጥያቄ ያለው፣ ከ0 እስከ 27 የሚቆጠር መጠይቅ አለ፤ አማርኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሿል። በየጥቂት ሳምንቱ ብትሞሉት ቁጥሩ መውረድ አለመውረዱን ታያላችሁ። ከ6 ጊዜ በኋላ ምንም ካልተንቀሳቀሰ «አልተለወጠም፣ ምን እንቀይር?» በሉ። የሚቆጣ ባለሙያ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ድብርቱ ከባድ ከሆነ ንግግር ብቻውን ላይበቃ ይችላል፣ መድኃኒት ይጨመራል። ለውጡ ለመታየት ሳምንታት ይፈልጋል፣ «አልሠራም» ብላችሁ በ5ኛው ቀን አትጣሉት፣ ተሻለኝ ብላችሁም በድንገት አታቁሙት። ጸበል የምትጠመቁ ወይም ረመዳን የምትጾሙ ከሆነ ሰዓቱ ማታ ይሆን ዘንድ ሐኪሙን ጠይቁት። ጸበሉም ኪኒኑም አብረው ይሄዳሉ።

ቤተሰብ ደግሞ፣ «ምን ጎደለህ? ጠንከር በል እንጂ!» አይጠቅምም። «ነይ እታለም፣ እስከ ሐይቁ ደርሰን እንምጣ» ብሎ ጫማዋን ማቅረብ ይሻላል። እምቢ ካለች ነገም ድገሙት።

ድብርት ተመልሶ ሊመጣ የሚችል በሽታ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ሲያልቅ፣ ሲጀምራችሁ መጀመሪያ የሚታየውን ምልክት (እንቅልፍ ነው? ስልክ አለማንሳት ነው?) ከባለሙያው ጋር ወረቀት ላይ አስፍሩ። አንድ ቅጂ ለቤት ሰው ስጡ። ምልክቱ ለአንድ ሳምንት ከታየ ደብተሩ እንደገና እንዲጀመርና ቀጠሮ እንዲያዝላችሁ ከአሁኑ ተስማሙ።