አመድ ሲዘንብ፦ ጣሪያንና የመጠጥ ውሃን ማዳን በሌዎቶቢ ሥር

በኢንዶኔዥያ፣ በፍሎሬስ ደሴት ምሥራቃዊ ክፍል፣ ሁለት የእሳተ ገሞራ ጫፎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። አገሬው ሌዎቶቢ ወንዱ እና ሌዎቶቢ ሴቷ ይላቸዋል። 1,703 ሜትር ከፍታ ያላት ሴቷ ዝም ብላለች፤ ሰላም የነሳው 1,584 ሜትሩ ወንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2024 እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ፈንድቶ ሰው ገደለ፣ የጋለ ድንጋይ ወርውሮ ቤቶች አቃጠለ። ጁላይ 7 ቀን 2025 ደግሞ የአመድ ዓምዱ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። ከሥሩ ያሉት መንደሮች በካሹ፣ በኮኮናት፣ በካካዎ፣ በበቆሎና በካሳቫ የሚተዳደሩ ናቸው። ጣሪያው በአብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ ከዚያው ቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብ አጠራቅሞ የሚጠጣ ቤተሰብም ብዙ ነው።

ስለዚህ አመድ ሲወርድ ጣሪያውም ውሃውም አንድ ላይ ይመታሉ። ደረቅ አመድ ጊዜ ይሰጣል፤ ዝናብ ያገኘው ግን አይሰጥም። በዚያ አካባቢ ዝናቡ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ገደማ ስለሚዘንብ፣ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ከዳመና ጋር የሚደረግ ሽቅድምድም ነው።

መጀመሪያ፦ መቆየት ይፈቀዳል ወይ?

የኢንዶኔዥያ የእሳተ ገሞራ ማስጠንቀቂያ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው አራት ደረጃ አለው፦ ኖርማል፣ ዋስፓዳ፣ ሲያጋ፣ አዋስ። ከደረጃው ጋር ከእሳተ ገሞራው አፍ በኪሎ ሜትር የሚለካ የተከለከለ ክልል ይታወጃል፤ ስፋቱም ይለዋወጣል። ክልሉ ውስጥ ያለ ሰው ጣሪያ አይጠርግም፣ ይወጣል። ለንብረት ጥበቃ ተብሎ አንድ ሰው ትቶ መሄድ የተለመደ ቢሆንም ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ የጋለ ድንጋይና ትኩስ ጋዝ በር አያንኳኩም። ቀጥሎ ያለው ከክልሉ ውጭ ሆኖ አመድ ብቻ ለሚወርድበት ቤት ነው።

አመዱ ከመድረሱ በፊት

ከአሸንዳው ወደ ሮቶው የሚወርደውን ቧንቧ ይንቀሉ፤ የሮቶውን አፍ በላስቲክ ሸፍነው በገመድ ይሰሩ። ብዙዎች ክዳኑን ብቻ ገጥመው ቧንቧውን ይረሳሉ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ካፊያ የጣሪያውን አመድ በሙሉ ሮቶው ውስጥ ይጨምረዋል። ጉድጓድ ካለም ይሸፈን። አምስት ሰው ላለበት ቤት ቢያንስ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። የበርና የመስኮት ክፍተት በእርጥብ ጨርቅ ይወተፍ።

ጣሪያው

1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ አመድ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሲረጥብ እጥፍ ሊሆን ይችላል። 48 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ቢከመር 24 ኩንታል ማለት ነው፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ከዘነበበት ወደ 48 ኩንታል ይጠጋል። ለዝናብ እንጂ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማገር የለም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲሞላ፣ አመዱ ፋታ ሲሰጥ መጥረግ ይጀመራል። ጣሪያው መጉበጥ ወይም መንቋቋት ከጀመረ ግን ማንም አይውጣ፤ ከሥሩም ሰው ይልቀቅ።

ሰው የሚጎዳው ቤት ተደርምሶበት ብቻ ሳይሆን ከመሰላል ወድቆም ነው። ቆርቆሮ ላይ ያለ አመድ እንደ ዱቄት ያንሸራትታል። መሰላሉ ከላይ ይታሰር፣ ከታች አንድ ሰው ይያዘው። ሲረግጡ በሚስማሩ መስመር ላይ ይሁን፤ ሚስማር ባለበት ከሥሩ እንጨት አለ። በአንድ ቆርቆሮ ላይ ሁለት ሰው አይቁም።

አመዱ እንዳይቦን በአበባ ማጠጫ ወይም በተበሳ ጣሳ በጥቂቱ ይርከፍከፍ። በጎማ ውሃ ማፍሰስ ግን ክብደቱን ማብዛትና አሸንዳውን መድፈን ነው። ከአናቱ ወደ ታች ይጠረጋል፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መዞር አይሆንም፣ ሸክሙ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ግራና ቀኙን እያፈራረቁ ነው። የብረት አካፋ የቆርቆሮውን ዚንክ ይፍቀዋል፤ አመዱ አሲድ ስለሚይዝ የተፋቀው ቦታ ቶሎ ዝጎ ይበሳል። የእንጨት መግፊያ ወይም ለስላሳ መጥረጊያ ይሻላል።

አሸንዳውን ደረቁን በእጅ ዝቀው ያውጡ። ጆንያው እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላ፤ የእህል ጆንያ አመድ ሲሞላ ከ1 ኩንታል በላይ ሆኖ አላነሳ ይላል። የተጠረገውን በጎርፍ መውረጃ ቦይ መድፋት ጎረቤትን ማስጥለቅለቅ ነው።

ለአፍንጫ ከሁሉ የሚሻለው ከፊት ጋር በደንብ የሚገጥም ኤን 95 ጭምብል ነው። ከሌለ ደጋግሞ የታጠፈ ጨርቅ ከምንም ይሻላል፤ ጨርቁን ማርጠብ ግን የማጣራት አቅሙን አይጨምርም። ዓይን አይታሽ፣ በውሃ ይታጠብ።

ውሃው

ጣሪያው ከተጠረገ በኋላም ቧንቧው ወዲያው አይገጠም። የሚመጣው ዝናብ ጣሪያውን ያጥብ፣ ውሃው ይፍሰስ፤ በባልዲ ተቀብለው ሲያዩት ጠርቶ ሲወርድ ያኔ ይገጠማል።

ሮቶ ውስጥ አመድ ከገባ ሳያማስሉ ማሳደር ነው። ከላይ የጠራው ይቀዳል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ይፈላል። ክሎሪን በድፍርስ ውሃ ላይ ኃይሉን ያጣልና ከማጥራት በፊት መጨመር ብክነት ነው። ደቃቁ አልወርድ ካለ ሽፈራው አለ፤ በኢንዶኔዥያ ኬሎር ይሉታል፣ በዚህ ደረቅ አካባቢም እንደ ልብ ይበቅላል። የደረቀውን ፍሬ ፈልፍለው ነጩን ይውቀጡ፤ መካከለኛ ድፍርስ ለሆነ 20 ሊትር 10 ያህል ፍሬ፣ በጣም ለደፈረሰ 20 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ዱቄቱን በጥቂት ውሃ በጥብጠው፣ በጨርቅ አጥልለው ይጨምሩ፤ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ እስከ አሥር ደቂቃ በዝግታ ያማስሉ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይተዉት። ያም ሆኖ መፍላት አለበት፤ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ይሸታል።

አንድ ነገር ግን በማፍላትም በሽፈራውም አይወጣም፦ ከአመዱ የሚሟሟው ፍሎራይድ። ማፍላት ጭራሽ ያጠነክረዋል። ኮምጠጥ የሚል ወይም ብረት ብረት የሚል ውሃ ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።

እርሻና እንስሳት

አመድ ያለበት ሣር የከብትን ጥርስ ይሞርዳል፣ ሆድ ያበላሻል፣ ፍሎራይዱ ከበዛ ይመርዛል። ፍየልና አሳማ ታስረው የተሸፈነ መኖ ይብሉ፤ ከውጭ የታጨደ ሣር ተራግፎ ይታጠብ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ግጦሹን ያለበሰባቸው የአፋር አርብቶ አደሮችም የገጠማቸው ይኸው ችግር ነው፤ ልዩነቱ እንስሳን በረት ማዋል መቶ ግመል ካለው ሰው ይልቅ ሦስት ፍየል ላለው ቀላል መሆኑ ነው።

የካካዎና የበቆሎ ቅጠል ሳይዘንብበት በዘንግ ይነቅነቅ፣ ሲረጥብ ይጣበቃል። ካሳቫ ሥሩ መሬት ውስጥ ስለሆነ ይተርፋል። ስስ አመድ ከአፈሩ ጋር ታርሶ ይደባለቃል፤ ወፍራም ከሆነ ዘሩን ከመዝራት በፊት ተጠርጎ መነሳት አለበት።

ወንዙ

የተራራው ላይ አመድ በዝናብ ሲታጠብ ድንጋይና ግንድ የሚያንከባልል የጭቃ ጎርፍ ይሆናል። የሚወርደው በደረቅ ሸለቆዎች ነው፤ መንደሩ ላይ ፀሐይ እያለ ጫፉ ላይ ሊዘንብ ይችላልና ሰማዩን ሳይሆን ተራራውን ማየት ያስፈልጋል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ወይም ከላይ ጉርምርምታ ሲሰማ፣ ሸለቆውን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ ሞት ነው፤ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ይወጣል። ድልድይም አይታመንም። አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላው ሊከተል ስለሚችል ውሃው ጎደለ ተብሎ ከብት ለመመለስ አይሻገሩ።