ካረጡ በኋላ የሚወሰድ ሆርሞን፦ ፓቹ የት ይለጠፋል? ፕሮጀስትሮኑስ መቼ ይዋጣል?

የወር አበባ ሳይታይ 12 ወር ሲሞላ ሴቷ አረጠች ይባላል። ድንገት ፊትንና ደረትን የሚያነድ ሙቀት፣ አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብና የእንቅልፍ ማጣት የሚመጡት ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን መጠን ስለሚወርድ ነው። ሕክምናውም ይህንኑ በፓች (ቆዳ ላይ በሚለጠፍ መድኃኒት) ወይም በኪኒን መተካት ነው። ጥቅሙ ከጉዳቱ በግልጽ የሚበልጠው ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ሴቶች ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ሊጠይቅዎ የሚገባው ማህፀንዎ በቀዶ ጥገና ወጥቶ እንደሆነ ነው። ካልጠየቀ እርስዎ ይንገሩት። ማህፀን ላላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን ከተሰጠ የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ እያወፈረ ይሄዳል፤ ሲቆይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ይህን የሚከላከለው ፕሮጀስትሮን የተባለው ሌላ ሆርሞን ነው። ስለዚህ ፓቹን እየለጠፉ ፕሮጀስትሮኑን «እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ማህፀኗ የወጣላት ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢስትሮጅን ብቻ ይበቃታል።

ፓች ብዙውን ጊዜ በቀን 25 ወይም 50 ማይክሮግራም በሚሰጠው ይጀመራል። አብዛኛው በሳምንት ሁለቴ ይቀየራል፤ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ። በሳምንት አንዴ የሚቀየርም ስላለ ካርቶኑን ያንብቡ። የሚለጠፈው ከወገብ በታች፣ በታችኛው ሆድ ወይም በመቀመጫ ላይ ነው፤ ጡት ላይ በፍጹም አይለጠፍም። ቆዳው ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ቅባት ወይም ሎሽን የነካው ቆዳ ላይ አይጣበቅም። ለጥፈው በመዳፍዎ ለ10 ሰከንድ ያህል ይጫኑት፣ ጠርዙንም በጣት ይዳብሱት። ቀበቶ ወይም የቀሚስ ላስቲክ የሚያርፍበት ቦታ ቶሎ ይላጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ቦታ ይምረጡ፤ አንድ ቦታ ሲደጋገም ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል። ከወደቀ አዲስ ለጥፈው በተለመደው ቀን ይቀይሩ።

በኪኒን መልክ የሚዋጠው ኢስትሮጅን በጉበት በኩል ስለሚያልፍ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። በተለመደው መጠን ፓች ይህን አደጋ የሚጨምር ሆኖ አልታየም። ከባድ ክብደት ላላት ወይም ማይግሬን ለሚያማት ሴት ፓቹ ይመረጣል።

ፕሮጀስትሮን ካፕሱል በየቀኑ ከሆነ 100 ሚሊግራም፣ በየወሩ ለ12 ቀን ያህል ብቻ ከሆነ ደግሞ 200 ሚሊግራም ይሰጣል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ሲተኙ ይዋጣል፤ እንቅልፍ ላጡ ይህ ራሱ ጥቅም ነው። አንዳንዱ ካፕሱል የኦቾሎኒ ዘይት አለበት፤ አለርጂ ካለብዎ ለፋርማሲስቱ ይናገሩ።

ችግሩ የብልት መድረቅ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። 10 ማይክሮግራም ኢስትሮጅን ያለው በብልት የሚገባ እንክብል ለሁለት ሳምንት በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ፕሮጀስትሮን አይጨመርበትም። ብዙ ሴቶች አፍረው ለዓመታት ዝም የሚሉት ይህንን ነው፤ ለሐኪም በግልጽ ይናገሩ።

የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት፣ በእግር ወይም በሳንባ ደም የረጋባት፣ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የመታት፣ ጉበቷን የሚያማት ሴት ሐኪሟ በተለይ ካልፈቀደላት በስተቀር ይህን መድኃኒት አትጀምር። ኢስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን አብረው ለዓመታት ሲወሰዱ የጡት ካንሰር አደጋ በመጠኑ ስለሚጨምር የጡት ምርመራ አይዘለል።

ከጀመሩ በሦስት ወር ተመልሰው ይታዩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ደም ማየት የተለመደ ነው። በየቀኑ ፕሮጀስትሮን እየወሰዱ ከስድስት ወር በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ቆሞ እንደገና ከመጣ ግን ማህፀንዎ በአልትራሳውንድ ይታይ። አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ደረት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።